የአያ ክፍሌ ምክቶሽ

ዘመኑ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። የማወራው ከዚያ ዓመት መስከረም እስከ ጥር ሚካኤል ማግስት ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው እንደ ማንም ሰው ኑሮ ነው፣ አርሼ በላሁ፣ ወለድኩ፣ አረጀሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ናት። ሶስና ትባላለች፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ መሐል ሜዳ ከአባቷና ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ቴኳንዶ አስገብቷታል። ሚስቱ አልወደደችውም። ሴት ልጅ እርግጫ ተምራ ምን ልትሆን ነው ትላለች። እሱ ደግሞ ልጅቷ ከገባች ወዲህ እንቅልፏ ተስተካክሏል፣ ጨለማ መፍራት ትታለች፣ ወንድሟንም መንከስ ትታለች ይላል። ሲጨቃጨቁ ከርመው እኔን ሽማግሌ አደረጉኝ። እኔ ሳላይ አልፈርድም አልኩና ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

አዳራሹ የቆርቆሮ ነው። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ነጭ ለብሰው፣ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ቆመዋል። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው እርስ በርስ እጅ ይነሣሳሉ፤ ከዚያ ይራገጣሉ። ሳቄ መጣ፤ ያን ያህል ተከባብሮ መራገጥ ምንድነው ብዬ። የሶስና ጓደኛ የፊት ጥርሱ የወለቀ ትንሽ ልጅ ነው። ሲዞር የሶስና እግር ጎኑን ነካ አደረገው። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሌሎቹን ያርማል። ከእኔ በቀር ያየ የለም፣ እኔም ዓይኔ ደካማ ነው። ልጁ ግን እጁን አነሣና «ነክታኛለች» አለ። ማንም ሳይጠይቀው።

ተነሥቼ ወጣሁ። ልጄ ተከትሎኝ መጣና «አባባ፣ አልወደዱትም?» አለኝ። ፀሐይ ልሞቅ ነው አልኩት። ግድግዳ ተደግፌ ብዙ ቆየሁ።

ቤቴ ወይራ አይነድም። ባሕር ዛፍ ይንደድ፣ ኩበት ይንደድ፣ ወይራ ግን አላስነድም። ሚስቴ ነፍሷን ይማረውና የወተት ዕቃዋን ልታጥን ስትል እንኳ ጎረቤት ሄዳ ነበር የምታጥን። ግትር ነው ይሉኛል። ግትርስ ነኝ። ምክንያቱን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አያ ክፍሌ ከመንደራችን ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር ቤታቸው። ባና ይሸምኑ ነበር፤ ከበጋ እስከ ክረምት የሱፍ ሽታ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ግራ ክንዳቸው ከክርኑ በታች ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። እኛ ልጆቹ ጣሊያን ነው የመታቸው እንባባል ነበር። ሽፈራው የሚባለው የጎረቤታችን ልጅ እንዲያውም ጥይቱ እስካሁን ውስጡ አለ፣ ብርድ ሲሆን ይንጫጫል ብሎ ምሎልናል። እኔም አምኜ፣ ብርድ በሆነ ቁጥር ጠጋ ብዬ አዳምጥ ነበር።

ሚስታቸው ሞተዋል። አብራቸው የምትኖረው የልጃቸው ልጅ የሺ ናት። እናቷ በወሊድ አልፋለች፣ አባቷ ወደ ቆላ ወርዶ ሌላ ትዳር ይዟል። በዕድሜ ከእኔ አንድ ዓመት ታንሳለች። ግራኝ ናት፣ ንፍጧ የማይደርቅ፣ ነገር የማታበዛ።

እኔን እዚያ የወሰደችኝ እናቴ ናት። ተናካሽ ልጅ ነበርኩ፣ አልዋሽም። በመስቀል ሰሞን የሽፈራውን ጆሮ ነክሼ ደም አወጣሁ፣ ምክንያቱም ደመራው ላይ ቀድሞኝ እንጨት ጣለ። አባቴ ገረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ልጅ ነከስኩ። እናቴ እጄን ይዛ አያ ክፍሌ ዘንድ ወሰደችኝና እንደ በቅሎ ይግሩልኝ አለቻቸው። እሳቸውም ከሽመናው ቀና ሳይሉ በቅሎ መግራት አልችልም፣ መውደቅ ግን አስተምረዋለሁ አሉ።

ሰባት ልጆች ነበርን፣ የሺን ጨምሮ። የምንማረው ምክቶሽ ነው፤ በዱላ መሰንዘርና መመከት። እኔ በመጀመሪያው ቀን ዱላ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ዱላ የለም። ከአውድማቸው ጥግ አሮጌ ገለባ ተከምሯል፤ እሱ ላይ ውደቁ አሉን። ወደ ጎን ውደቁ፣ ወደ ኋላ ውደቁ፣ አንገታችሁን ሰብስባችሁ ውደቁ፣ ስትወድቁ ትንፋሻችሁን አውጡ። ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ ስንወድቅ ከረምን። እናቴ ከፀጉሬ ገለባ ስትለቅም ይመሻል።

እኔ የገባኝ ሌላ ነበር። አያ ክፍሌ ትሸነፋላችሁ ብለው ስለሚያስቡ ነው መውደቅ የሚያለማምዱን ብዬ ተቀየምኳቸው። አንድ ቀን ለየሺ ይህንኑ ነገርኳት። ንፍጧን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ መውደቅ የሚፈራ ሰው ዱላውን ጨብጦ ነው የሚሞት፣ የጨበጠ ደግሞ አይመክትም አለችኝ። የአያቷን ቃል ነው የደገመችው፤ እኔ ግን የራሷ መስሎኝ ስምንት ዓመት ሆኗት እንዴት ይህን አወቀች ብዬ ፈራኋት።

ከዚያ በአንድ እግር መቆም መጣ። ጠዋት ውርጭ ሣሩን አንጥፎት፣ ጭጋግ ከገደሉ እየወጣ፣ በአንድ እግር ቆመን ትንፋሻችንን እንቆጥራለን። የሣቀ ከአንድ ይጀምራል። ሽፈራው አምስት አልፎ አያውቅም። እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነበርኩ፤ እየዋለ እያደረ ግን ንዴቴ ሲመጣ ከእግሬ ጀምሮ ይታወቀኝ ጀመር። ከመምጣቱ በፊት ይታወቀኛል። ሲታወቀኝ ደግሞ ትንፋሼን እቆጥራለሁ። ኅዳር ሲገባ መንከስ ትቼ ነበር። እናቴ ለአያ ክፍሌ አንድ ቅምጫና ገብስ ላከችላቸው።

ዱላ የያዝነው በጥቅምት መጨረሻ ነው። የራሳችንን ዱላ ራሳችን ከገደሉ ሥር ወይራ ቆርጠን፣ ልጠን፣ በትኩስ አመድ አሳልፈን አቀናነው። ቅቤ ቀብተን ከእሳቸው ጣሪያ ሥር ጢስ ላይ ሰቀልነው። በየሳምንቱ እያወረድን እንቀባለን። ዱላው እየጠቆረ፣ እየለሰለሰ፣ እየሸተተ ይሄዳል።

የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ተጋጣሚዎች ጎንበስ ብለው መሬት ነክተው «ይቅር በለኝ» ይባባላሉ። እኔ ይህን ስሰማ አንዳችን ልንሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኛ ቤት እንደዚያ የሚባባሉት ሰው ሊሞት ሲል ነው። አያ ክፍሌን ብጠይቃቸው «አስቀድማችሁ ይቅር ተባባሉ፤ በኋላ አይመችም» አሉ።

ራስ አይነካም። ከትከሻ እስከ ጉልበት ብቻ። መምታትም የለም፣ መንካት ነው። ዱላው ገላ ላይ ድምፅ ካሰማ የመታው ተሸናፊ ነው። እንግዲህ እንደ ዝንብ አርፎ መነሣት አለበት። እንደዚያ ሲሆን ደግሞ ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም፤ በባናና በቡሉኮ ላይ ያረፈን ዱላ ከዳር የቆመ ሰው አያየውም። ስለዚህ ዳኛ የለም። የተነካው ራሱ ዱላውን ዝቅ አድርጎ «ነካኸኝ» ይላል። የነካው አፉን አይከፍትም። ነካሁት ማለት ነውር ነው። ዱላውን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

የሺን የሚያህል አልነበረም። በግራ እጇ ስለምትይዝ ከማትጠብቀው በኩል ትመጣለች። ደግሞ ዓይን ታያለች። «ተሰማ፣ ካንተ ቀድሞ ዓይንህ ነው የሚመታ» ትለኛለች። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ልግጠምሽ ብያት ዓይኔን ብጨፍን ሦስት ጊዜ ነክታኝ፣ ስገልጥ ቁጭ ብላ ዱላዋን ትቀባለች። በዚያ ወራት ስንት ጊዜ «ነካሽኝ» እንዳልኳት ቁጥሩን አላውቀውም። አልከበደኝም ነበር። ከሰባታችንና ከአያ ክፍሌ በቀር የሚሰማ የለም።

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ የሆነውን ላውራ። ለዱላዬ ቅቤ አለቀብኝ። እናቴ ለገና ያስቀመጠችው ቅቤ በቅል ውስጥ ነበር፤ ጣቴን ሰድጄ ወሰድኩ። ማታ ስታየው ቅቤው ጎድጉዷል። እጄን ይዛ ጣቴን አሸተተችው። በጾም ቅቤ ላሰ ብላ ራሷን ያዘች። ሌብነቱ አልነበረም ያስደነገጣት፣ መግደፌ ነው። አልላስኩም፣ ለዱላዬ ነው የወሰድኩት ብል አላመነችኝም። በማግስቱ ማልዳ ጆሮዬን ይዛ አያ ክፍሌ ቤት ወሰደችኝ። እሳቸው ዱላዬን ከጣሪያ አውርደው ሰጧት። እናቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸተተችው።

«እንግዲያው የገደፈው ዱላው ነዋ» አለች።

አያ ክፍሌ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ለእናቴ ስለ ቅቤው ገሥጪው፣ ስለ ቃሉ ግን አትገሥጪው፣ ይህ ልጅ እውነት የሚናገር ልጅ ነው አሏት። እኔ ቆሜ ሰማሁት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር የምለው ዛሬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ደረቴ ተነፋ።

እናቴ እንደሄደች፣ ደስ ብሏቸው ነበርና፣ ደፈር ብዬ ክንድዎን የመታዎት ጣሊያን ነው ወይ አልኳቸው። የለም አሉ። በልጅነታቸው ምክቶሽ ሲጫወቱ ተነክተው፣ ብዙ ሰው ይመለከት ስለነበር ነካኸኝ ማለት ተናነቃቸው። የነካቸው ልጅ ጠበቀ፣ ጠበቀ። ዝም ሲሉት ሊክዱት በማይችሉት አኳኋን ደገማቸው። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ አሉ። ጠማማውን ክንዳቸውን አንሥተው አሳዩኝ።

«እሱን አልወቅሰውም» አሉ። «እኔ ነኝ ቃሉን ያስቀረሁበት።»

እኔ ግን አዘንኩባቸው። ጣሊያን ይሻለኝ ነበር። ወጥቼ ለሽፈራው ጥይት የለውም ስለው እሱም አዘነ። ለጥቂት ቀን ፈሪ ሽማግሌ ናቸው ስንል ሰነበትን። እንግዲህ እሳቸው የነገሩኝ ትልቁን ነገር ነበር፤ እኔ የሰማሁት ጥይት አለመኖሩን ነው።

ለልጄ የሰጠሁት ፍርድ ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ልናገር። ትማር አልኩ። ለልጅ ይጠቅማል። መውደቅ ታውቃለች፣ ንዴቷን ከመምጣቱ በፊት ታውቃለች፣ ሰውነቷ የሷ ይሆናል፣ ማንም ሲገፋት አትደነግጥም። ይህን ሁሉ በራሴ አይቻለሁ። ነገር ግን መምህሩ ስትረግጥ ብቻ የሚያጨበጭብላት ከሆነ አስወጣት አልኩት። ስትነካ ምን እንደምትል እይ። ምራቴ አኩርፋለች፤ ብታኮርፍም የፈረድኩት ይኸው ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከገና በኋላ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሁለት ጎረምሶች በዱላ ተፈነካከቱ። አንዱ በልጅነቱ አያ ክፍሌ ዘንድ የተማረ ነው። ወሬው ሳይመሽ መንደር ገባ። አባቶች ተሰብስበው አያ ክፍሌ ቤት መጡ፤ ፊት ፊት የሚናገረው የእኔ አባት ነበር። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከማዶ ይሰማል። እኛ ገለባው ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ሰማን። ልጆቻችን እርስ በርስ ሊተላለቁ ነው፣ ይህን ነገር ይተዉልን አላቸው።

አያ ክፍሌ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ክሩን ቋጠሩ። ከዚያ መምታት አስተምሬያቸው አላውቅም አሉ። አባቴ ታዲያ ዱላው ምንድነው ብሎ ሳቀ። እሳቸው ጥር ሚካኤል፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ኑና እዩ አሉ። ዳኛ አይኖርም፣ እኔም አልናገርም፣ ልጆቹ ብቻ ናቸው።

«አንድ ልጅ ከተጣላ፣ ወይም ከካደ፣ ዱላዎቹን በገዛ እጄ አነዳቸዋለሁ» አሉ። «ካልሆነ ግን ትተዉኛላችሁ።»

ተስማሙ። አባቴ ሊወጣ ሲል ዞሮ ይህችም ልጅ ትገጥማለች ወይ አለ፣ የሺን በአገጩ እያመለከተ። ከሁሉ የምትሻለው እሷ ናት አሉት። አባቶቹ ሳቁ። የሺ አልሳቀችም። ሲሄዱ ከጣሪያው ዱላዋን አወረደችና ቅቤ ስላልነበራት በባዶ መዳፏ ታሸው ጀመር። ለሁላችንም ያስፈራ ነበር ጉዳዩ፤ ለእሷ ግን ከሁላችን ይብስ ነበር። እኛ ወንዶቹ ምክቶሹ ቢቀር የገና ጨዋታ አለን፣ ዝላይ አለን፣ ኳስ አለን። እሷን ከዚያ አውድማ በቀር የሚያጫውታት አልነበረም። ውኃና እንጨት ብቻ ነው የሚጠብቃት። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

ጥር ሚካኤል ደረሰ። ታቦቱ በእልልታ ገባ፣ ሰው ወደየቤቱ ከመበተኑ በፊት ሜዳው ዳር ተቀመጠ። ፀሐይ ነበር፣ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። አያ ክፍሌ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ባናቸውን እስከ አፋቸው ድረስ ተከናነቡ፣ አልናገርም ያሉትን ለመጠበቅ ይመስል።

መጀመሪያ የገጠሙት መልካም ሆነላቸው። ሽፈራው እንኳ ሁለት ጊዜ ተነክቶ ሁለት ጊዜ «ነካኸኝ» አለ፤ ድምፁ ግን እያነሰ ሄደ። ሰዎቹ መጀመሪያ ግር ብሏቸው ነበር። ምንም ሳያዩ ልጁ ተሸነፍኩ ሲል ይተያያሉ። ቀስ በቀስ እየገባቸው መጣ፤ አንዱ ሽማግሌ እነዚህስ ንስሐ የሚገቡ ነው የሚመስሉት ሲል ሰምቻለሁ። የሺ ሦስት ልጆች አሸነፈች። እኔም ሦስት አሸነፍኩ። ሳንነካ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ጎንበስ ብለን መሬት ነካን። ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር በለኝ አለችኝ። እጇ ከብርዱ የተነሣ ቀልቷል።

ብዙ ቆየን። እንደዚያ ቀን አድርጌ መክቼ አላውቅም፤ እግሬ ሣሩን ያውቀዋል፣ ትንፋሼ አይቆራረጥም። አባቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ባላየሁት ዓይነት ዓይን ያየኛል። እሱን አየሁት። በዚያች ቅጽበት የየሺ ዱላ ከቀኝ በኩል ገብቶ ከጎድኔ በታች አረፈ፣ ተነሣ። ድምፅ አልነበረውም። ልብሴ እንኳ አልተነቃነቀም። ቦታውን ግን ዛሬም በጣቴ አሳያችኋለሁ።

የሺ ዱላዋን ዝቅ አደረገችና ቆመች። ጠበቀችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ከሁለት ወር በላይ ስለው የከረምኩት ቃል ነው። ነገር ግን አባቴ አላየም። ማንም አላየም። ያዩት ልጅቷ ክንዷን ስታወርድ ነው። ደከመች አለ አንዱ። ሌላው ሴት ናት እኮ አለ፣ ሰዉም ሳቀ። እሷ ሳቁን አልሰማችውም፣ ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ምን ቆመሃል ተሰማ? በላት እንጂ።»

ዱላዬን አነሣሁና ትከሻዋን ነካኋት።

የሺ ወዲያው «ነካኸኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። ጎንበስ ብላ መሬት ነክታ ወደ ዳር ወጣች።

ሜዳው ተደበላለቀ። አባቴ መጥቶ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ሰቀለኝ። ከላይ ሆኜ አያ ክፍሌ ከድንጋዩ ሲነሡ አየሁ። ቀስ ብለው መጥተው ከፊታችን ቆሙ። ባናቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«ተሰማ፣ የቀረህ ቃል አለ?»

«የለኝም» አልኩ።

እንደገና አልጠየቁኝም። የሺንም አልጠየቋትም፤ የነካ አይናገርማ። እሳቸው ግን አውቀውታል። ያቺ ልጅ ሳትነካ ዱላዋን ዝቅ አድርጋ እንደማታውቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

የሚገርመው ነገር አባቶቹ ደስ ብሏቸዋል። አባቴ ይቀጥል፣ ልጄን አንበሳ አድርገውልኛል፣ ታናሹንም አመጣለሁ ይላል። ሌላው ከእኔም ቤት ሁለት አለ ይላል። አያ ክፍሌ እየዞሩ ዱላዎቹን ከልጆቹ እጅ ሰበሰቡ። አባቴ ግራ ገብቶት ማን ተጣላ፣ ማን ካደ፣ ምን ሆነው ነው አላቸው።

«እናንተ የምትፈልጉትን አይታችኋል» አሉት። «እኔ የምፈልገውን አላየሁም። ዱላ አያያዝ ብቻ ነው ያስተማርኳቸው ማለት ነው፤ ለዚያ ከሆነ ገበያውም ያስተምራቸዋል።»

ስድስቱን ዱላ በባናቸው ጠቅልለው፣ የሺን በጠማማው ክንዳቸው አቅፈው ሄዱ። ሰባተኛው እኔ እጅ ላይ ነበር። ትከሻ ላይ ስለነበርኩ አልደረሱበትም፣ ወይም ሊደርሱበት አልፈለጉም። አባቴ ሽማግሌ ሲያረጅ ይነጫነጫል ብሎ ወደ ቤት ወሰደኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ጥር አሥራ ሦስት፣ ገና ውርጩ ሳይነሣ ከቤት ወጣሁ። ዱላዬን ይዣለሁ። ልናገር ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር፤ «ነካሽኝ፣ የሺ። ትናንት ነክተሽኝ ነበር።» ይህን ያህል ነው፣ ከአምስት ቃል አይበልጥም።

ከአጥሩ ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ። የወይራና የቅቤ ሽታ ነው፤ ያን ያህል ደስ የሚል ሽታ ከዚያ በፊት አላውቅም። ሰው ቤት ድግስ ያለ መሰለኝ። ስገባ አያ ክፍሌ ምድጃው ፊት ተቀምጠዋል። ከዱላዎቹ ሦስቱ ነደዋል፣ ሦስቱ ከጎናቸው አሉ። አንዱን አንሥተው ሁለት ላይ ሰበሩና አስገቡት። የሺ ማዶ ተቀምጣ እሳቱን ታያለች። የሚነደው የሷ ነበር፣ በግራ እጅ የሚያዝ በመሆኑ እጀታው ላይ ያለው ጉድጓድ ይታወቃል።

«ብርድ ነው፣ ቅረብ» አሉኝ።

የሺ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። አያ ክፍሌ ጠበቁኝ። ልክ እሷ ሜዳው ላይ እንደጠበቀችኝ ነው የጠበቁኝ፤ እጃቸውን አሳርፈው፣ ሳይቸኩሉ። ቃሉ እስከ ጥርሴ መጣ። በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነገር ነበር።

«ዱላዬን ልመልስ ነው የመጣሁ» አልኩ።

አያ ክፍሌ ተቀበሉኝ። በመዳፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ አሹት፣ እናቴ እንዳሸተተችው አሸተቱት፣ ከዚያ ሳይሰብሩ እሳቱ ላይ አኖሩት። ከሁሉ ይልቅ የእኔ ነደደ፤ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ቤቱ ሁሉ በራ። የየሺን ፊት አየሁት፤ አላለቀሰችም፣ እኔንም አላየችኝም።

ሌላ የተናገርኩት የለም። እጄን ዘርግቼ እሳቱን ሞቅሁ።